ገና ያልወጣው ስንት ይሆናል?

የተገዛ ዕቃ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው አያስቀይመኝም። «ስንት ገዛኸው?» በእኛ አገር ከ«እንደምን አደርክ» ቀጥሎ የሚመጣ ሰላምታ ነው። ጫማም ይሁን በግ፣ ጠያቂው መልሱን ሰምቶ «በልተውሃል!» ሳይል አይላቀቅህም። ያልለመድኩት ሌላውን ነው፤ ገና ያልወጣ ዕቃ ዋጋ ላይ ተከራክሮ የሰው ምሳ የሚያቀዘቅዘውን።

እንዲህ ያለ ሰው እኛ ቤት አለ። የእህቴ ልጅ ነው። እሑድ ምሳ ላይ ስንገናኝ እጁን ታጥቦ ሳይጨርስ «ጋሼ፣ የሚቀጥለው ስንት ይሆናል ትላለህ?» ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን የቤት ኪራይ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ግራፊክስ ካርድ ነው።

ለማያውቀው ልንገረው። ግራፊክስ ካርድ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ፣ በስክሪኑ ላይ የምናየውን ሥዕል፣ ቪዲዮና ጌም የሚያሰላ ክፍል ነው። ትልልቆቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን አስሊዎች ይዘው ሁሉንም ባንድ ጊዜ ያሠራሉ። ኤንቪዲያ የሚባለው ኩባንያ የሠራው አርቲኤክስ 5090 ለምሳሌ 21760 አስሊዎች አሉት። እህቴ ይህን ስትሰማ «ታዲያ የኔ ልጅ ሥራ ለምን አያልቅም?» አለች።

አያልቅማ! ልጁ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲተር ነው፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ካርድ ደግሞ 5090 አይደለም። ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ነው፤ በፈረንጆቹ 2019 መገባደጃ በ229 ዶላር የወጣ፣ ሜሞሪው 6 ጊጋባይት የሆነ ምስኪን። በእሱ ሠርጉን፣ መልሱንና ቅልቅሉን ቆርጦ ቀጥሎ ኤክስፖርት እስኪያደርግ ሙሽሪት ልጅ ክርስትና ልታስነሳ ትደርሳለች። ስትደውል «ሬንደር ላይ ነው» ይላታል። ሬንደር ምን እንደሆነ ባታውቅም ከባድ ነገር መሆኑን ከድምፁ ትረዳና «እግዜር ይርዳህ» ብላ ትዘጋለች።

ይህ ልጅ የራሱን ካርድ ስንት እንደገዛው ብትጠይቁት ያመነታል። ያልወጣውን ጠይቁት። ስንት ጊጋ እንደሚይዝ፣ ስንት ዋት እንደሚበላ፣ ሜሞሪው ስንት ቢት ሰፊ እንደሆነ እየቆጠረ ይነግራችኋል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት የተተረተው ላሟን ብቻ ለሚመኝ ሰው ነበር። የእኛው ልጅ ላሟ በቀን ስንት ሊትር እንደምትሰጥም ያውቃል።

ወሬው የሚጀምረው ካርዱ ከመውጣቱ ብዙ ወራት ቀደም ብሎ ነው። በቅጽል ስም ብቻ የሚታወቅ አንድ ሰው፣ ከየትኛው ፋብሪካ ጓዳ እንደሰማው ሳይናገር፣ አንዲት ቁጥር ጣል አድርጎ ይጠፋል። «512 ቢት።» በቃ፤ ማብራሪያ የለም። ሌላው ያቺን ቁጥር ይዞ በቪዲዮ ሲተነትን ያመሻል። ሦስተኛው በጭነት ሰነድ ላይ አየሁት የሚለውን ያክልበታል። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል። እነዚህ ግን የሚጨምሩት ዋት ነው። የ5090 ቀዳሚ የሆነው 4090 በ2022 ሊወጣ ሲል 600 ዋት ይበላል ተብሎ አገር ተሸበረ፤ ሰው የቤቱን ቆጣሪ ማየት ጀመረ። ሲወጣ 450 ሆነ።

ቢዋሹ ብቻ ኖሮ በተገላገልን። ችግሩ አልፎ አልፎ እውነት ይናገራሉ። ኤንቪዲያ ራሱ የሠራው 4090 የሦስት ካርድ ቦታ የሚይዝ፣ ክብደቱም ከ2 ኪሎ የሚያልፍ ነበር፤ ጎብጦ ማዘርቦርዱን እንዳይጎዳ ድጋፍ የሚያቆሙለት ሰዎች ነበሩ። ቀጣዩ 5090 ከዚህ የባሰ ጉልበት እያለው የሁለት ካርድ ቦታ ብቻ ይይዛል የሚል ወሬ ሲመጣ ሰው ሁሉ ሳቀ። 575 ዋት የሚያወጣውን ሙቀት ማን በዚያ ቅጥነት ያስወጣዋል? ካርዱ ወጣ፤ ቅጥነቱም እንደተባለው ሆነ። የሳቁት ዝም አሉ። የእህቴ ልጅ ከዚያን ቀን ወዲህ ወሬውን ሁሉ እንደ ትንቢት መስማት ጀመረ።

እኔ ግን ስለ ዋቱም ስለ ቢቱም አልጨነቅም። የምከታተለው የዋጋውን ወሬ ነው፤ ምክንያቱም እሱ የማውቀው ነገር ነው። መርካቶ ነው ያደግኩት።

መርካቶ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠራው ዋጋ ሊሸጥበት አይደለም፤ ሊያስደነግጥህ ነው። ለሸሚዙ ሁለት ሺህ ሲልህ ልብህ ዝቅ ትላለች። ስምንት መቶ ትለዋለህ፤ «ለመክፈቻ ነው፣ አትቀልድ» ይልሃል። ትሄዳለህ። አሥር እርምጃ ሳትራመድ «ና እሺ ና! አሥራ ሦስት መቶ ውሰደው!» ይላል። ሰባት መቶ ብር ያተረፍክ መስሎህ ሸሚዙን በኩራት ታቅፈህ ትገባለህ። አሥራ ሦስት መቶ ግን ጠዋት ሱቁን ሲከፍት በሆዱ የያዛት ዋጋ ናት። ሁለት ሺህ የምትባል ዋጋ ኖራ አታውቅም።

የግራፊክስ ካርድ ወሬ ያንን የመጀመሪያ ጥሪ በነጻ ይጠራል። ኩባንያው ያስወራል አላልኩም። ምን ሊደክም ያስወራል? ልጆቹ ራሳቸው ይጠሩለታል። ስለ 5090 ሲያወሩ አንዱ 1999 ዶላር ሲል ሌላው 2500 ይላል፤ ከዚያም በላይ የሚጠራ አይጠፋም። ሰው ወራቱን ሁሉ ሲደነግጥ ከረመ።

መርዶው ወይም ብሥራቱ የተሰማው በፈረንጆቹ ጥር 6 ቀን 2025 ማታ ላስ ቬጋስ ላይ ነው። ላስ ቬጋስ ማታ ሲሆን አዲስ አበባ ሊነጋጋ ነው፤ ያውም የገና ዕለት። እህቴ ከቤተ ክርስቲያን አድራ፣ ነጠላዋን እንዳጣፋች፣ ጾም ልትፈታ ቤት ስትገባ የልጇ ክፍል መብራት በርቷል። እኔን ሲጠብቅ አደረ ብላ አንጀቷ ተላወሰ። በሩን ስትከፍተው በስክሪኑ ላይ የሚያብለጨልጭ፣ የአዞ ቆዳ የሚመስል ጃኬት የለበሰ ሰውዬ ይናገራል። ልጇ ከወንበሩ ተነስቶ «እማዬ! 1999!» ብሎ ጮኸ።

«በእመብርሃን! ደም ግፊት አለብኝ እኮ፣ ምኑ ነው?»

«ዋጋው! 2500 ይሆናል ብለን ነበር እኮ። 500 ዶላር አተረፍን!»

እህቴ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችና «የታል?» አለችው።

ያን ቀን ዶሮው ተበላ፣ ልጁም ደስ እንዳለው ዋለ። እኔ ደግሞ አጥንት እየጋጥኩ ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት የሚለው ተረት ትዝ አለኝ። 1999 ዶላር እኮ ከቀዳሚው በ400 ዶላር የበለጠ ነው! 4090 በ1599 ነበር የወጣው። 3090 በ2020 ሲወጣ 1499፤ ከእሱ በፊት በ2018 የነበረው 2080 ቲአይ ከ999 ጀምሮ፤ በ2017 የነበረው 1080 ቲአይ ደግሞ 699። በስምንት ዓመት ሦስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ዋጋ ነው። ያንን ስነግረው ልጁ ምን አለኝ? «ጋሼ፣ ከተወራው ጋር አወዳድረው እንጂ!» ሸሚዝ ገዝቶ የሚገባ ሰው ፊት ነበረው።

በብር ሲመነዘርማ ሌላ ጉድ ነው። 4090 በወጣበት ሰሞን አንድ ዶላር በባንክ 52 ብር ከምናምን ነበር፤ ካርዱ 84 ሺህ ብር ገደማ ይመጣል። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። 5090 ሲታወጅ ዶላር 125 ብር አካባቢ ደርሶ ነበርና 1999 ማለት ሩብ ሚሊዮን ብር ማለት ነው፤ ቀረጡንና የሚያመጣውን ሰው ውለታ ሳንቆጥር። አሜሪካ ያለው ጌመር ዋጋው በአራት አንድ እጅ ጨመረብኝ ብሎ ሲያለቅስ፣ እዚህ በሦስት እጥፍ የጨመረበት ልጅ በገና ማለዳ ይጨፍራል። ደግነቱ ሁለቱንም ጊዜ መግዣ አልነበረውም።

ስለ ጃኬቱ ባለቤት ትንሽ ላውራ። ጄንሰን ሁዋንግ ይባላል፤ ኤንቪዲያን በ1993 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሲመሠርት የመከሩት ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ፣ ዴኒስ የሚባል ርካሽ ምግብ ቤት ተቀምጠው ነው። በልጅነቱም በሌላ ከተማ ባለ የዴኒስ ቅርንጫፍ ሳህን ያጥብ ነበር። ስለዚህ ይህን ሰው ኑሮ አያውቅም ማለት አይቻልም። በ2020 በኮሮናው ጊዜ ሁሉም ቤቱ ሲቀመጥ፣ እሱ ከገዛ ኩሽናው ምድጃ ውስጥ ለዳታ ሴንተር የሚሆን ግዙፍ የቺፕ ሰሌዳ እንደ ድፎ እያቃሰተ አውጥቶ ያሳየ ሰው ነው። ጨዋታ ያውቃል።

ግን ዋጋ ላይ ጨዋታ የለውም። በ2022 ስለ ውድነቱ ሲጠየቅ የቺፕ ዋጋ በየጊዜው ይቀንሳል የሚባለው ነገር ያለፈ ታሪክ ነው ብሎ መለሰ። ስለ 5090 ዋጋ ሲጠየቅ ደግሞ ገዢዎቹ ቤታቸው ውስጥ 10 ሺህ ዶላር የሚያወጣ የኮምፒውተር ዕቃ የደረደሩ ሰዎች ናቸው፣ ምርጡን ይፈልጋሉ፣ የሚል መንፈስ ያለው መልስ ሰጠ። የእህቴን ልጅ ዕቃ ቆጠርኩ። ከኮምፒውተሩ ሌላ አንድ የፕላስቲክ ወንበር፣ ትራስ የተነጠፈበት።

በዚህ ልጅ ግን አንድ የማደንቅለት ነገር አለ። የሌለውን አይሸጥም። በመስከረም 2020 አካባቢ አሜሪካና አውሮፓ የሆነውን ሰምታችኋል? ሁዋንግ ብቅ ብሎ በ499 ዶላር የሚሸጠው አዲሱ 3070 ከ2080 ቲአይ ይፈጥናል አለ። ከሺህ ዶላር በላይ ከፍለው 2080 ቲአይ የያዙ ሰዎች ደነገጡ፤ ሳይረክስብን ብለው በግማሽ ዋጋ መሸጥ ያዙ። አዲሶቹ ወጡ፤ ወዲያው አለቁ። የኮሮና እጥረት መጣ፣ የክሪፕቶ ቆፋሪዎች ካርዱን በጅምላ አነሱት፣ አሮጌው ካርድ ሳይቀር ዋጋው ተመልሶ ሺህ ዶላር አለፈ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። የእኛው ልጅ ብብቱ ውስጥ ምንም ስለሌለ ምንም አልጣለም።

መገናኛ አካባቢ አንድ ካፌ ጓደኞቹ አሉት፤ አንድ ጊዜ ተከትዬው ሄድኩ። አንዱ የአርክቴክቸር ተማሪ ነው፤ የሕንፃ ሥዕል ሬንደር ስለሚያደርግ ካርድ በእርግጥ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህም እሱ ነው ብዙ የማያወራው። አጥብቆ የሚከራከረው ሌላው ነው። ይህ ልጅ ፊፋ ብቻ ነው የሚጫወተው፤ ለፊፋ ደግሞ 5090 መግዛት ገንዘብ ማባከን መሆኑን እኔ እንኳ አውቃለሁ። እሱ ግን የሚቀጥለው ካርድ ከ32 ጊጋ ያነሰ ከሆነ አልገዛም ብሎ ማለ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የማኪያቶ ሒሳብ የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ከመሃከላቸው የተከፋው አንድ ኮምፒውተር ነጋዴ ነበር። «ጋሼ፣ እነዚህ ልጆች ገደሉኝ» አለኝ። «ደንበኛ ይመጣል፣ ዕቃውን ያገላብጣል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ከዚያ ‹አዲሱ ይውጣና› ብሎ ይሄዳል። አዲሱ ሲወጣ ‹ዋጋው ይውረድና› ይላል። ሊወርድ ሲል የሚቀጥለው ይወራል። የወጣውን ማን ይግዛልኝ?»

ልጆቹ ዝም አሉ። ለአፍታ የተሰማቸው መስሎኝ ነበር። ከዚያ ባለ ፊፋው «እውነትህን ነው፣ ግን የሚቀጥለው ስሙ ሩቢን ነው አሉ» አለ፤ ጨዋታው ደመቀ።

ስም ላይ እንኳ አያድርስ። ኩባንያው ቺፖቹን በሊቃውንት ስም ይጠራቸዋል፤ የ4090 በአዳ ላቭሌስ፣ የ5090 በሒሳብ ሊቁ ዴቪድ ብላክዌል፤ ቬራ ሩቢን ደግሞ የከዋክብት ተመራማሪ ነበረች፣ በስሟም የተጠራ የዳታ ሴንተር ቺፕ አለ። ስም ማውጣቱ መልካም ነው፤ መንጠቁ ነው የሚያስቅ። በ2022 ኤንቪዲያ 12 ጊጋ ያለውን አንድ ካርድ 4080 ብሎ በ899 ዶላር አወጀው። ባለ 16 ጊጋው 4080 ሌላ፣ ከዚህም የበረታ ካርድ ነበርና ሰው ጮኸ፤ ገና ሱቅ ሳይገባ ተሰረዘ። ከጥቂት ወር በኋላ ያው ካርድ 4070 ቲአይ ተብሎ በ799 ብቅ አለ። እንግዲህ ታውጆ የጠፋም አለ ማለት ነው። ያልታወጀውን የሚያምኑት እነዚህ ልጆች ይህንን ሲነግሩኝ አይስቁም።

አንድ ነገር ግን በቁም ነገር እላለሁ። ዋጋውን ከማንም በላይ የሚወስነው ሰው እዚያ ካፌ ውስጥም ሆነ የአሜሪካ ጌመር ቤት የለም። ኤንቪዲያ በጥር 2022 በዘጋው የበጀት ዓመት ከጌም ያገኘው ገቢ 12.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ ከዳታ ሴንተር ያገኘው 10.6 ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ጌሙ 11.4 ቢሊዮን አካባቢ ሆኖ ዳታ ሴንተሩ 115 ቢሊዮን ደረሰ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያሠለጥኑት ኩባንያዎች ሳይከራከሩ ይገዛሉ። ያንኑ ፋብሪካ፣ ያንኑ መሐንዲስ ይሻማሉ። ኩባንያውን ያሳደጉት ጌመሮች ዛሬ በራሳቸው ድግስ ከበር አጠገብ ተቀምጠው ምን ሊቀርብ እንደሆነ የሚገምቱ ሆነዋል። ብዙ ቢያወሩ አልፈርድባቸውም፤ ሌላ ምን ሥራ ተሰጣቸው?

5090 ሱቅ የገባ ዕለት እንኳ አሜሪካ ውስጥ ድንኳን ተክለው ደጃፍ ያደሩ ነበሩ። በደቂቃዎች አለቀ። ያገኙት አንዳንዶቹ ካርዱን ሳይከፍቱት እጥፍ ጠርተው ለሽያጭ አወጡት። የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ 1999 የሚለው ዋጋ ራሱ ወሬ መሆኑ ገባው። ሁለት ቀን ከፋው። በሦስተኛው ቀን «የሚቀጥለው ላይ ግን…» ብሎ ጀመረ።

እህቴ በበኩሏ የምታውቀው አንድ መስፈርት ዋት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዷን ስትለኩስ የቤቱ መስመር ይንቀጠቀጣል፤ በዚያ ሰዓት ልጁ ሬንደር እንዳያደርግ ሕግ አለ። 5090 ላለው ኮምፒውተር ኤንቪዲያ የሚመክረው ፓወር ሰፕላይ 1000 ዋት ነው ብዬ ስነግራት፣ ቆጣሪዋን አሰበችና «ምጣዱ እንጀራ ያወጣል። ይሄስ?» አለችኝ። የሰው ሠርግ ያወጣል ልላት ፈልጌ፣ ስንት ሙሽራ እየጠበቀ እንደሆነ ትዝ ብሎኝ ተውኩት።

ባለፈው ታላቅ ወንድማችን ከቨርጂኒያ ደወለ። ሊመጣ ነው። ስልኩ ስፒከር ላይ ነው፣ ሁላችንም ከበናል። ስለ ልጁ ነገር ከእኔ ሰምቶ ኖሮ አንጀቱን በልቶታል።

«ስማ» አለው፣ «ሻንጣዬ ላይ ትንሽ ቦታ አለኝ። አንዱን ካርድ ይዤልህ ልምጣ። ያቺ 5070 የሚሏት፣ ባለ 12 ጊጋዋ። ስትወጣ 549 ዶላር ነበረች አሉኝ። አሁን ካለህ በእጥፍ ሜሞሪ አላት፤ ሥራህን ትጨርስበታለህ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። እህቴ እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች። እኔም ልጁ ያለቅሳል ብዬ ፊቱን አየሁት። ያሰላ ነበር።

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥህ» አለው። «ግን ትንሽ ብትቆይስ? ሱፐር የሚባል ሊመጣ ነው አሉ። 18 ጊጋ ነው ይላሉ።»

«መቼ ነው የሚወጣው?»

«እሱ አልታወቀም።»

«ዋጋውስ?»

«እሱም አልታወቀም፤ ግን እኔ እንደምገምተው…» ብሎ ወንበሩን ወደ ስልኩ ሲያስጠጋ እህቴ ቀማችው።

«ወንድሜ፣ ለእኔ የደም ግፊት መለኪያ አምጣልኝ» አለችው። «እሱ ወጥቷል።»